ቅሬ የሚያውቀው ሕግ

በኩታበር ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

ቀኑን ሙሉ ስትደክሙ ውላችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። የምነግራችሁም ስለዚሁ ድካም ነው። ሰው ለእንጀራው ወጥቶ አካሉ ጎድሎ ሲመለስ፣ ዕዳውን ማን ይሸከማል?

መልሱ ላይ ከመድረሴ በፊት አንድ ቃል ላንሳ። «ካሣ» ለእኛ ጆሮ ከባድ ቃል ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ካሣ ሲባል ቀድሞ የሚታየው የደም ካሣ ነው። ሰው ተገድሎ ወይም ቆስሎ፣ በዳይ ተሸሽጎ፣ ሼሁና ቄሱ መሐል ገብተው፣ ሽማግሌ ተመላልሶ የሚቆረጥ ካሣ። እዚያ ውስጥ የግድ አጥፊ አለ፤ አጥፊ ከሌለ ካሣም የለም። ደም ለማድረቅ፣ ቂም ለማብረድ ይህ ትልቅ ሥርዓት ነው፤ አባቶቻችን በከንቱ አላቆዩትም። ነገር ግን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይህንኑ መለኪያ ስናመጣ ሠራተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። እንዴት እንደሚቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

የአክስቴ ልጅ በአንድ ከተማ ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ባሬላ ተሸካሚ ነበር። ባሬላ የማያውቅ ካለ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚሸከመው፣ ሞርታርና ኮንክሪት የሚጫንበት የእንጨት ቃሬዛ ነው። መወጣጫው ከባሕር ዛፍ የተሠራ፣ በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ እርብራብ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ እንጨት ከእግሩ ሥር ተሰበረና ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። የዳሌው አጥንት ተሰበረ። አሠሪው የመጀመሪያውን ሳምንት የሆስፒታል ወጪ ከፈለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እኔም ወጣት ነበርኩና ከኋላቸው ተቀመጥኩ። አሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም። «አባቶቼ፣ እኔ ገፍቼ ጣልኩት? እንጀራ ሰጠሁት እንጂ ምን አጠፋሁ?» አለ። ፎርማኑ ደግሞ ልጁ ሲቸኩል ነው የወደቀው ብሎ መሰከረ። እንጨቱን ማን መረጠው፣ ባሬላውን ከልክ በላይ ማን ሞላው፣ ልጁ ምሳውን በልቶ ነበር ወይ እየተባለ ቀኑ መሸ። ሽማግሌዎቹ አጥፊ ፈለጉ፤ አጥፊ አላገኙም። ሲመሽ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተባለና አሠሪው ከኪሱ 8,000 ብር አወጣ። አክስቴ እያለቀሰች «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች፤ ወረቀት ላይም ጣቷን አሳረፈች። ልጁ ዛሬም ያነክሳል።

ከዓመታት በኋላ ሕጉን ሳነብ ያ ቀን ተመልሶ መጣብኝ። ሽማግሌዎቹ ሲደክሙበት የዋሉትን ጥያቄ ሕጉ ጨርሶ አይጠይቅም!

አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት 377/1996 ነበረ፤ ከዚያ በፊት 42/1985፣ ከዚያም በፊት በደርግ ጊዜ የወጣው 64/1968። አሁን ያለው አዋጅ አንቀጽ 96 የሚለው እንዲህ ነው፦ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ጉዳት ከደረሰበት፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። የአክስቴ ልጅ አሠሪ አለማጥፋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሕጉም አጥፍተሃል አይለውም፤ ክፈል ነው የሚለው። እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ካልያዝን ዛሬ የምናገረው ሁሉ ውኃ ላይ የተጻፈ ነው።

ከዚህ ግዴታ ውጭ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። መዘናጋት፣ መቸኮል፣ ድካም፣ ሆድ መባስ ግን በዚህ ውስጥ የሉም። ሰው ስለሆነ የተሳሳተ ሠራተኛ ካሣውን አያጣም። አሠሪው በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ የበሰበሰ እንጨት መሆኑን እያወቀ ካስወጣው፣ ሠራተኛው አግባብ ባለው ሌላ ሕግ ከዚህ በላይ የመጠየቅ መብት አለው። ጥፋት የሚመረመረው ያኔ ነው።

ጥፋተኛ ሳይፈልጉ መክፈል ለኩታበር ሰው እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም፤ ከማንም በፊት እናንተ ታውቁታላችሁ። ቅሬ አላችሁ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት የቅሬ ዳኛው ያስነግራል፤ ጎረምሳው መቃብር ይቆፍራል፤ ቤት ለቤት እህሉና ብሩ ይዋጣል። ሟቹ በራሱ ስንፍና ገደል ገብቶ ቢሞት፣ ወይም ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ ቢሞት፣ «ጥፋቱ የራሱ ነውና አንቀብርም» ያለ ቅሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቅሬ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው ነው ወይ? የእኛ ከሆነ ይቀበራል፤ ቤተሰቡም ይጽናናል። የሥራ ጉዳት ሕግም የሚጠይቀው ይኸው ነው፤ በሥራው ላይ ነበር ወይ?

ልዩነቱ ከፋዩ ላይ ነው። በቅሬ ሁላችንም እናዋጣለን። በሥራ ላይ ግን ዕዳው የሚያርፈው የሥራው ትርፍ በሚገባለት ሰው ላይ ነው። ፎቁ ሲያልቅ ኪራዩን የሚሰበስበው አሠሪው ነው። የሲሚንቶው፣ የፌሮውና የአሸዋው ዋጋ በፎቁ ወጪ ውስጥ ሲገባ፣ የሰው አጥንትም በዚያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። በአውሮፓም ሠራተኛ የአሠሪውን ጥፋት በፍርድ ቤት ማስረዳት እያቃተው ብዙ ዘመን ተሰቃይቷል። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. የሥራ አደጋ ኢንሹራንስ ሕግ ስታወጣ ነው ይህ መንገድ በሰፊው የተከፈተው፤ አሠሪዎች በጋራ ያዋጣሉ፣ የተጎዳው ይከፈለዋል፣ ጥፋተኛ አይፈለግም። ሳያውቁት ቅሬ አቋቋሙ ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ለመስማት እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ነውርም የለበትም። የሕክምናው ወጪ፣ የመድኃኒቱ፣ የቀዶ ሕክምናው፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ እግሩ ወይም እጁ ዋጋ በአሠሪው ላይ ነው። ከዚያ ሌላ ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ጉዳቱ እስከ መጨረሻው የሚቀር ከሆነ የሕክምና ቦርድ አይቶ በመቶኛ ይወስናል። የጡረታ መዋጮ የሚከፈልለት ሰው፣ ማለትም እሱ 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡለት፣ በጡረታ ሕጉ ይስተናገዳል። ጡረታ የሌለው ደግሞ ከአሠሪው በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ጨርሶ መሥራት ለማይችል ሰው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው፤ በከፊል ለተጎዳ በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው በዓመት 48,000 ያገኛል፤ በአምስት ሲባዛ 240,000 ብር። ቦርዱ 30 በመቶ ተጎድቷል ካለ 72,000 ብር ነው። አክስቴ ጣቷን ያሳረፈችበትን 8,000 ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሠራተኛው ከሞተም ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆቹ የሚገባ ካሣ አለ፤ የቀብሩም ወጪ አለ።

«እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ውል የለኝም፤ ፎርማኑ አደባባይ ላይ ጠርቶ ነው የወሰደኝ» የሚል ይኖራል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብትህን አያስቀርም፤ በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። ጠዋት አሠሪው ባቀረበው አይሱዙ ላይ ተጭናችሁ ወደ ድንጋይ ካባ ስትሄዱ መኪናው ቢገለበጥ፣ መዶሻ ባትነሡም፣ ያ የሥራ አደጋ ነው። አሠሪው ከግቢ ውጭ ልኮህ የደረሰብህም እንደዚሁ።

እስካሁን ያወራሁት በአንድ ቅጽበት ስለሚደርስ አደጋ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ድንጋይ የሚጠርብ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የተጣጠፈ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ ድንጋዩን በሁለት እግሮቹ መሐል ይይዛል፤ መሮውን ደግኖ በመዶሻ ይመታል። ዓይኑን ያጠባል። ፀሐይ ስለበዛበት አይደለም፤ ፍንጣሪው እንዳይገባበት ነው። ፊቱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቅንድቡና የዓይኑ ሽፋሽፍት ነጥቷል። ፍንጣሪ የገባበት ዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ይታዘንለታልም። ያ ቅንድቡ ላይ የነጣው አቧራ ግን ሳንባው ውስጥም ገብቷል፤ እሱን ማንም አያየውም። ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲሊካ የሚባለው ነገር የበዛበት ይከፋል። አቧራው በዓይን እስከማይታይ ድረስ የላመ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። በሽታው የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ጠባሳውን የሚያስለቅቅ መድኃኒት የለም። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መከላከያው ግን ተአምር አይጠይቅም። ድንጋዩን ውኃ እያርከፈከፉ መጥረብ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ፣ ለዚህ የተሠራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ። ነጠላ ወይም ሻርፕ መጠቅለል የላመውን አቧራ አያቆመውም። መሸፈኛውንና የዓይን መነጽሩን በራሱ ወጪ የማቅረብ፣ አደጋውን አስቀድሞ የማስተማር ግዴታ ደግሞ የአሠሪው ነው።

በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨመር አሳሰበ፤ ሥራህ ምንድን ነው? እዚህ የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ሳል ይዞት የመጣውን ሰው ስንት ቀን እንደሆነው ትጠይቁታላችሁ፤ ደም ይቀላቅላል ወይ ትሉታላችሁ፤ መዳፉን ግን ገልብጣችሁ እዩት። የመሮ ጠባሳ ካለበት ካርዱ ላይ «ድንጋይ ጠራቢ» ብላችሁ ጻፉ። የሥራ ሕመም በሕጉ ከሥራ አደጋ እኩል ካሣ የሚያስገኝ ጉዳት ነው፤ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ግን በምን ይታወቃል?

ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ጨርቃ ጨርቅ ቤት የምትሠሩ ልጆችም አላችሁ። የጥጥ አቧራም ሳንባን ይይዛል። ምልክቱ ለየት ያለ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረት ይጨንቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀላል። ቀለለኝ ብሎ መተው ከጊዜ በኋላ የማይመለስ ያደርገዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ በአገራችን የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጥጡ በሚፈታበት የመጀመሪያው ክፍል ከሚሠሩት መካከል ከ100ው ከ40 የሚበልጡት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሰኞ ሰኞ ደረታችሁን የሚይዛችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ።

ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ላሉት ወንድሞቻችን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል ከተገኘ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወሎ ኦፓል ስሙ ዓለምን ዞሯል። ማዕድኑ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ፣ በስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ወጣቱ በገደሉ ላይ ተንጠላጥሎ ይደርስና ወደ ውስጥ ዋሻ ይቆፍራል፤ ዋሻው በረዘመ ቁጥር ጣሪያውን የሚይዝ ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ እንዲህ ያለ ዋሻ ተንዶ 20 የሚሆኑ ቆፋሪዎች ታፍነው ነበር። እናቶች በገደሉ አፋፍ ቆመው ያለቀሱትን ልቅሶ ወሎ ሁሉ ሰምቷል።

እዚህ ላይ እስካሁን ያመሰገንኩት አዋጅ ክንዱ ያጥራል። አዋጁ የሚናገረው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ነው። እነዚያ ወጣቶች አሠሪ የላቸውም፤ በማኅበር ተደራጅተው ወይም በየራሳቸው የሚቆፍሩ ናቸው። ታዲያ ጣሪያው ሲናድ ማንን ይጠይቃሉ? ትርፉን የሚያገኝ ዕዳውን ይሸከም ካልን፣ ኦፓሉ ከገደል ወጥቶ ውጭ አገር እስኪሸጥ በመሐል የሚያተርፍበት ሰው ብዙ ነው። በየሽያጩ ጥቂት ገንዘብ ተቀንሶ ለቆፋሪዎች የአደጋ መጠባበቂያ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ገንዘብ የዋሻ ድጋፍ እንጨት ይገዛ፤ የራስ ቁር ይገዛ፤ ለሞተው ቤተሰብ ይሰጥ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎችም እንዲመክሩበት እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ጎዶሎ የቤት ሠራተኞቻችን ነው። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው ከአዋጁ ውጭ ተደርጓል። ከኩታበር ወጥታ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሰው ቤት የምትሠራ የ18 ዓመት ልጅ የፈላ ዘይት ቢደፋባት፣ ያ የዘረዘርኩላችሁ የ3 ወርና የ5 ዓመት ሒሳብ አይደርስላትም። ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር የሄዱትን እኅቶቻችንንማ ምን ብዬ ልናገር? እጇ ተቃጥሎ፣ ወገቧ ተሰብሮ የተመለሰች ልጅ የሌለችበት ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኞች መብት ነው ይላል። የሰው ቤት ወጥ ቤትም የሥራ ቦታ ነው። ልጆቻችሁን የምታስቀጥሩ እናቶች ደመወዙን ስትነጋገሩ «ብትጎዳስ ማን ያሳክማታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍም አድርጉት። ሠራተኛ የያዛችሁ ደግሞ፣ ሕጉ ባያስገድዳችሁም፣ ቅሬያችሁ ያስተማራችሁን አትርሱ።

እንግዲህ ልጨርስ። አባቶቼ የቅሬ ዳኞች፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ብዙ ካሣ የሚጠፋው በማስረጃ እጦት ነው። ልጁ ይወድቃል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ የተሰበረው እንጨት በማግሥቱ ማገዶ ይሆናል፤ አብረው የነበሩት የቀን ሠራተኞች ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ካላደረገ ግን የተጎዳው ቤተሰብ ምንም ነገር በእጁ አይኖርም። የቅሬ ጸሐፊ ግን በየመንደሩ አለ። መዋጮና ቀብር የሚመዘገብበት ደብተር አለ። በዚያ ደብተር ላይ ጥቂት ገጾች ለዚህ ይለቀቁ። የቅሬው ሰው በሥራ ላይ ሲጎዳ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ተልከው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአሠሪውን ስም፣ ያዩትን ምስክሮች ስምና ስልክ ይጻፉ፤ ከሐኪም ቤቱም «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚል ማስረጃ ያውጡ። ለሽምግልና የምትቀመጡም፣ አሠሪው «ምን አጠፋሁ?» ሲላችሁ፣ «አላጠፋህም፤ ሕጉ የሚልህን ክፈል» በሉት። በትንሽ ብር ጣት ከማሳረፋችሁ በፊት ሒሳቡን አሠሩ፤ የወረዳውን የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ።

ይህንም ሳትዘገዩ አድርጉ። የካሣ ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።